ኮዱ ይቆይ፣ ሥዕሉ ይቅደም



የጀመዓችንን የመጻሕፍት ማዋሻ ሶፍትዌር የሠራነው በሴሚስተር ዕረፍት ነበር። የውሰት ደብተሩን አየን፤ ስም፣ ርዕስ፣ ሰጪ፣ ቀን ይላል። ያንኑ ወደ ኮምፒውተር ገለበጥነው። ብዙም ሳይቆይ ሦስት የካልኩለስ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሳለ ፍሬሽ ተማሪዎችን "ተወስዷል" እያለ ይመልስ ጀመር። ርዕስና ቅጂን አንድ አድርገን ነበርና። ይህስ በአንድ ቀን ተስተካከለ። ያሳፈረን ሌላው ነው፦ ተመርቆ የወጣ አንድ ወንድማችን "ያስቀመጥኩትን መጽሐፍ ልውሰድ" ብሎ ሲመጣ፣ እኛ ለሌላ ጀመዓ ሰጥተነው ኖሯል።

ከዚያ በኋላ ነው መጻሕፍቱን ከምትጠብቀው እህታችን ጋር ሰሌዳ ፊት የተቀመጥነው። ስለ ገጽና ስለ በተን አልጠየቅናትም። እዚህ ክፍል ውስጥ ምን ምን ነገር አለ? አንዱ ከሌላው ጋር በምን ይገናኛል? አንድ ለአንድ ነው ወይስ አንድ ለብዙ? እያልን ሳጥንና መስመር ሳልን። "ሰጪ" የሚለው ሳጥን ላይ ስንደርስ "የትኛው ሰጪ? ወቅፍ ያደረገው ወይስ አማና ያስቀመጠው?" አለችን። ወቅፍ አይሸጥም፣ አይወረስም፤ አማና ደግሞ ባለቤቱ ሲጠይቅ ይመለሳል። መድረሳ የቀራን ሁሉ ይህን እናውቃለን፤ ኮድ ስንጽፍ ግን ትዝ ያለው የለም። ከዚያች አንዲት ጥያቄ የባለቤቱን ስልክ መመዝገብ፣ አማናን ለሌላ እንዳይተላለፍ መቆለፍና ባለቤቱ ሲመረቅ ማስታወስ የሚሉ መስፈርቶች ወጡ።

ቀድሞም ጠይቀናት ነበር እኮ! "ምን ይሠራልሽ?" ስንላት "ማን እንደወሰደ ይንገረኝ" ነበር መልሷ። ለእሷ ግልጽ የሆነውን ለምን ትነግረናለች? ሥዕሉ ነው ያናገራት።

ፒተር ቼን የኢንቲቲ ሪሌሽንሺፕ ሞዴልን ያሳተመው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው። ተምረነዋል፣ ተፈትነንበታል። በመመረቂያ ፕሮጀክት ግን ኮዱን ጨርሰን፣ ለአማካሪ እንዲታይ ብለን በመጨረሻዋ ሌሊት እንስለዋለን። እንዲህ የተሳለ ሥዕል የተሳሳትነውን አሳምሮ ከመድገም ሌላ ምን ይጠቅማል? (ኔትወርክ ሲጠፋ ምን ይደረግ የሚለውንም ሥዕሉ አይነግርም፤ እሱን ከዶርም ኑሮ ተምረናል።)

አሁን የረመዳን ኢፍጣር ምዝገባን በሶፍትዌር ሊሠሩ የተነሱ ወንድሞች አሉ። ላፕቶፑን ከመክፈታቸው በፊት ምግቡን ከሚያድሉት እህቶች ጋር አንድ ከሰዓት ይቀመጡ። "ተመዝጋቢ" ካፌ ተጠቃሚው ብቻ ነው ወይስ ነን ካፌውም? ለታመመ ጓደኛው የሚወስደውስ በማን ስም ይያዝ?