ሐይቁን የሚያጠፋው ውድ ሌንስ

ሰርግ ያለባቸው ሰዎች ፎቶ አንሺ ሲመርጡ የሚጠይቁት ጥያቄ ተቀይሯል። ድሮ «የሠራኸውን አሳየን» ነበር። አሁን «70-200 አላችሁ?» ሆኗል። ቲክቶክ ላይ ሙሽሮች ጥርት ብለው ጀርባቸው እንደ ጉም ሲሟሟ ያየ ሁሉ ያንኑ ይፈልጋል። አይፈረድበትም፣ ያምራል። እኔ ግን ሐዋሳ ላይ ይህ ጥያቄ ወጣት ፎቶ አንሺዎችን ከአቅማቸው በላይ እየገፋ፣ ፎቶውን ግን የማያሻሽል ነው ባይ ነኝ።

ሂሳቡን እንየው። ካነን እ.ኤ.አ. በ2019 አዲሱን 70-200 በ2.8 ሲያወጣ ዋጋው 2,699 ዶላር ነበር። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ስለነበር፣ ሌንሱ 154 ሺህ ብር አካባቢ ማለት ነው። ዓመት ሳይሞላ ዶላር ወደ 130 ብር ሲጠጋ ያው ዋጋ 350 ሺህ ሆነ። ቀረጥና የነጋዴው ትርፍ ገና አልተጨመረም። የሰርግ ፎቶ ክፍያ በዚያ ፍጥነት አደገ የሚል ባለሙያ አላጋጠመኝም። ዕቁብ ወጥቶለት ሌንስ የገዛ ልጅ ብሩን ለመመለስ ስንት ጥር እንደሚፈጅበት ራሱ ያውቀዋል።

ታዲያ በዚህ ብር ምን ይገዛል? ብርሃንና ርቀት። 2.8 ከ4 እጥፍ ብርሃን ያስገባል። ነገር ግን በ200 ሚሊሜትር ከ5 ሜትር ላይ ሲነሳ ጥርት የሚለው ጥልቀት 10 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ነው። ሙሽራው ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ከቀረ ከሁለቱ አንዳቸው ደበዘዙ። ሚዜዎችን በሁለት ረድፍ አቁሞ በ2.8 ማንሳትማ ኋላ የቆሙትን መሰረዝ ነው።

ቤት ውስጥም እንዲሁ። በ200 አንድን ሰው ከራስ እስከ እግሩ ለማንሳት 11 ሜትር መራቅ ያስፈልጋል፤ ወደ 70 ቢመለስ እንኳ 4 ሜትር ግድም። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ውስጥ ዘመድ አዝማድ በሞላበት ሳሎን ይህን ቦታ ከየት ያመጣል? ልጅቷ ከቤት ስትወጣ እናት የምታለቅስበት ሰዓት ላይ ሌንሱ ቦርሳ ውስጥ ነው።

ደግሞ ሐይቁ። ሙሽሮች ከሰዓት በኋላ ሠልፍ ይዘው ፍቅር ሐይቅና አሞራ ገደል የሚመጡት ለምን ነበር? ጀልባው፣ አባ ኮዳው፣ ከውኃው ማዶ የምትጠልቀው ፀሐይ ሁሉ 200 ላይ ወርቃማ ጭጋግ ይሆናሉ። ቢሾፍቱ ይሁን ሐዋሳ ማን ይለያል? ለአንድ ሁለት የፊት ፎቶ ብዥታው ከተፈለገ 85 ሚሊሜትር በ1.8 በቂ ነው፤ ከ2.8 ከእጥፍ በላይ ብርሃን ያስገባል፣ ዋጋውም የዚያን ሩብ አይደርስም።

ውዱ ሌንስ ቦታ የለውም ማለቴ አይደለም። ቦታው ቤተ ክርስቲያን ነው። ተክሊል ላይ ብርሃኑ ደካማ ነው፣ ፍላሽ ይረብሻል፣ መጠጋትም ነውር ነው። በወንጌላውያን አዳራሾች ደግሞ የፎቶና የቪዲዮ ሰዎች መድረኩን ከበው ለምእመኑ ጀርባቸውን ሲሰጡ እናያለን፤ ቃል ኪዳኑን የሚሰማው እንጂ የሚያየው ጠፍቷል። 70-200 የያዘ ሰው ከኋላ ወይም ከጎን ቆሞ ቀለበቱን ያነሳል። እዚህ ላይ እያንዳንዱ ብር ሥራ ይሠራል።

ያ ግን የሁለትና የሦስት ሰዓት ሥራ ነው። ለሁለት ሰዓት 350 ሺህ ከማውጣት ሦስት አራት ሆኖ ገዝቶ መጋራት ወይም መከራየት አይሻልም? «በጥር ሁሉም በአንድ ቀን ያገባል፣ ማን ለማን ይሰጣል?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ይጋጫል። ተክሊሉ ግን በጠዋት ነው፣ የአዳራሹ ፕሮግራም አረፍ ብሎ ይጀምራል፤ ባጃጅ ደግሞ ሞልቷል።