ኤንቨሎፑን ሳትከፍቱ አትጣሉት

ዛሬ ስለ ስኳርም ስለ ደም ግፊትም አይደለም። ሲያትልና አካባቢዋ፣ ማለትም ኪንግ ካውንቲ ውስጥ ለምትኖሩ መራጮች ነው የምጽፈው። በ2019 በፖስታ የመጣላችሁ የምርጫ ወረቀት ላይ ስለ ሜዲክ ዋን የሚጠይቅ ቦታ ነበር። መልሱ እስከ ኖቬምበር 5፣ 2019 ነበር።

ቅዳሜ ቡና ላይ አንድ ወንድማችን "ዶክተር፣ ታክስ ሰልችቶናል። እኔ ታክስ የሚል ካየሁ ኖ ነው" አለኝ። አልፈረድኩበትም። ዋሽንግተን ስቴት ከደመወዛችን የገቢ ግብር አይቆርጥም፤ ስለዚህ ዱላው በቤት ግብርና በሽያጭ ታክስ ላይ ያርፋል። ተከራዩም ቢሆን በኪራዩ ውስጥ ይከፍላታል።

ግን ሂሳቡን አብረን እንየው። የተጠየቀው በቤታችሁ ግምት በየ1,000 ዶላሩ 26.5 ሳንቲም ነበር። ቤቱ 500,000 ዶላር ከተገመተ በዓመት 132 ዶላር ከ50 ሳንቲም፣ በወር 11 ዶላር ገደማ። በ2013 የጸደቀው 33.5 ሳንቲም ነበር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ ኖ ማለት "አሁን ባለበት ይቀጥል" ማለት ይመስለው ነበር። አይደለም። የስድስት ዓመቱ ግብር በ2019 መጨረሻ ያበቃ ነበር፤ ካልታደሰ ገንዘቡ ይቆም ነበር። በ1997 የሚያስፈልገውን 60 ከመቶ ድምፅ ሳያገኝ ወድቆ ያውቃል።

ገንዘቡ ምን ይሠራል? ልብ በድንገት ስትቆም ሲፒአርና የልብ ማስነሻ ማሽኑ በዘገየ በእያንዳንዱ ደቂቃ የመዳን ዕድል ከ7 እስከ 10 ከመቶ ይቀንሳል። እኛ ሐኪሞች ሆስፒታል ቁጭ ብለን ይቺን ደቂቃ ልንመልሳት አንችልም። በ1970 ዶክተር ሌናርድ ኮብ ከሲያትል እሳት አደጋ ጋር ሆኖ ሜዲክ ዋንን የጀመረው፣ ሕክምናው በሽተኛው ሳሎን ድረስ ይሂድ ብሎ ነው። ዛሬ ኪንግ ካውንቲ ከልብ መቆም በመትረፍ ረገድ በአሜሪካ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። ሌሊት ታክሲ የምትነዱ፣ ብቻቸውን ቤት የሚውሉ እናትና አባት ያሏችሁ፣ ይሄ የናንተም ጉዳይ ነው። እኔ በበኩሌ የስ ብዬ ልኬ ነበር።

የወንድማችን ስሞታ ግን አንድ እውነት አለው። ጡረታ ላይ ላሉ አባቶችና እናቶች እቺ 11 ዶላርም ከሌላው የቤት ግብር ጋር ስትደመር ትከብዳለች። 61 ዓመት የሞላቸውና ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ የቤት ባለቤቶች የግብር ቅናሽ አላቸው፤ ብዙዎቹ አያውቁትም። ልጆች፣ እባካችሁ ካውንቲው አሴሰር ቢሮ ደውላችሁ ፎርሙን ሙሉላቸው።

ኤንቨሎፑ ላይ መፈረም አትርሱ፤ ቴምብር አያስፈልገውም።

መምረጥ የማትችሉም ብትሆኑ ይቺን ያዙ፦ ሰው ወድቆ ካልነቃና ትንፋሹ ትክክል ካልሆነ ወዲያው 911 ደውሉ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ "አምሃሪክ" በሉ፣ አስተርጓሚ ያገናኟችኋል። ስልኩን አትዝጉት። ስፒከር ላይ አድርጉትና ደረቱን እንዴት እንደምትጫኑ እየነገሯችሁ ጫኑ፣ ፓራሜዲኮቹ በሩን እስኪያንኳኩ ድረስ።