አምባሩን ቆልፈን ታሪኩን እንዳናጣ



ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ማውንት ቤከር አንዲት ተማሪያችን አንድ ነገር አጫወተችኝ። በእንግሊዝኛ ትምህርት ቤቷ “ከቤታችሁ አንድ ዕቃ አምጡና አስረዱ” ተብለው ነበር። ቤተሰቦቹ ከናይጄሪያ የመጡ ልጅ ማኒላ የሚባል የነሐስ አምባር ይዞ መጣ። ማኒላ በምዕራብ አፍሪካ እንደ ገንዘብ ያገለግል፣ ለሙሽራ ማጫም ይሰጥ እንደነበር ተናገረ። የአውሮፓ ነጋዴዎች በመርከብ እየጫኑ አምጥተው ሰው እንደገዙበት፣ እንግሊዞችም እ.ኤ.አ. በ1948 ከናይጄሪያ ገበያ መሰብሰብ እንደጀመሩ ሳይቀር አስረዳ። የእኛዋ ልጅ ደግሞ የአያቷን የብር አምባር ይዛ ሄዳለች። “ምን ብለሽ አስረዳሽ?” ስላት፣ “የአያቴ ነው፣ ቆንጆ ነው አልኩ። ሌላ አላውቅማ!” አለችኝ።

ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ የእኛ የወላጆች ነው።

ልጆች፣ ማዕድኑም ብር፣ ገንዘባችንም ብር መባሉ እንዲሁ አይደለም። የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክና እ.ኤ.አ. 1780 የሚል ዓመት ያለበት፣ 28 ግራም ያህል የሚመዝን ጠገራ ብር በአገራችን ለብዙ ዘመን መገበያያ ነበር። እኛ “ማርትሬዛ” እንለዋለን። አንጥረኞች እሱን እያቀለጡ ለእጅ አምባር፣ ለእግር አልቦ፣ ለአንገት መስቀል ሠሩበት። ስለዚህ አምባር ለሴት አያቶቻችን ጌጥም ቁጠባም ነበር። ሙሽራ ሆነው በጥሎሽ ይቀበሉታል፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ደግሞ ሸጠው ልጆቻቸውን ያበሉበታል። ጀብዱ የሠራ ጀግናም ከንጉሥ አምባር ይሸለም ነበር።

የእኔ ሥራ ሂሳብ ነው። አምባሩን ሚዛን ላይ ባስቀምጠው ዋጋው በግራም ተባዝቶ ያልቃል። ማን አሠራው? ለማን ተሰጠ? ከስንት ክፉ ቀን ሳይሸጥ ተረፈ? ይኼ ግን በየትኛውም መዝገብ አይገኝም። ያለው በእናንተ በወላጆች ልብ ብቻ ነው።

“ልጆች ይጥሉታል” ብላችሁ ትቆልፉበት ይሆናል፤ አልፈርድባችሁም። ግን ዕቃው በሣጥን ተቀምጦ ታሪኩ ከጠፋ ምን ተረፈን? ስትነግሯቸውም ደስ የሚለውን ብቻ አትምረጡ። የናይጄሪያው ልጅ ቤተሰቦች የሰው ንግዱን አልደበቁትም። እኛም አምባሩን እያደነቅን የሠራውን የእጅ ባለሙያ ስንንቅ መኖራችንን ልጆቻችን ይስሙ።

ልጆች፣ ለሚቀጥለው ቅዳሜ የቤት ሥራ አላችሁ። ቤታችሁ ካለው አምባር፣ አልቦ ወይም መስቀል አንዱን ምረጡ። ከሌለም አንድ የድሮ ፎቶግራፍ ይበቃል። እማዬን፣ አባዬን፣ አያት ሩቅ ከሆኑም በስልክ ጠይቁና አምስት መስመር በአማርኛ ጽፋችሁ አምጡ። ዕቃው እቤት ይቆይ፤ ታሪኩን ብቻ ይዛችሁ ኑ።

በቸር ያገናኘን!

የበጎ ፈቃድ መምህራችሁ