ጉማሬውን ተመልከቱ

ከነቀምቴ በጊምቢ በኩል ወደ ምዕራብ ቢዘልቁ ቄለም ወለጋ ውስጥ የዳቲ ወለል ብሔራዊ ፓርክ አለ። ደንገል የለበሰው ረግረጉ የጉማሬና የጎሽ ቤት ነው። “ጤፍ የማይበቅልበት ረግረግ ምን ይጠቅማል?” እንል ይሆናል። ረግረግ ግን የክረምቱን ውሃ ይዞ ለበጋ ያቆያል። ጉማሬም ቀን ውሃ ውስጥ ውሎ፣ ማታ ሣር ሊግጥ ይወጣል፤ ረግረጉ ከደረቀ መዋያ የለውም።

ጉማሬ አያርስም፣ አይታለብም፣ አይጫንም። እግዚአብሔር ግን በመከራ ውስጥ ለነበረው ለኢዮብ ሲመልስለት፣ ይህንኑ እንስሳ እንዲመለከት ነገረው (ኢዮብ 40፥15)። የእጁ ሥራ ነውና!

ሰላም ሲሆን ልጆችዎን ይዘው ይሂዱ፤ አደገኛ ነውና ከሩቅ ያሳዩአቸው። እስከዚያው ግን ቤትዎ ውስጥ ይመልከቱ፤ ሥራ መሥራት ያቃታቸው አረጋዊት እናት አሉ? እርሳቸውም የእጁ ሥራ ናቸው።