ያልተቆጠረ ከብት ዕቅድ ውስጥ አይገባም

የማርሳቢት ካውንቲ የአምስት ዓመት የልማት ዕቅድ እ.ኤ.አ. በ2027 ያበቃል። ቀጣዩ ከ2028 እስከ 2032 ያለውን ዘመን ይሸፍናል፤ በነሐሴ 2027 ከሚካሄደው ምርጫ በኋላ የሚመጣው አስተዳደር የሚመራበትም እሱ ነው። የሞያሌ ነጋዴ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለውን ሰነድ የቢሮ ሰዎች ጉዳይ አድርጎ ያልፈዋል። እንዲህ ማለፍ ግን ኪስን ይጎዳል።

ምክንያቱ ሕጉ ውስጥ አለ። የኬንያ የካውንቲ መንግሥታት ሕግ (2012) ከዕቅድ ማዕቀፍ ውጪ የሕዝብ ገንዘብ እንዳይመደብ ይከለክላል። በ2028 ዕቅድ ውስጥ ያልተጻፈ የውኃ ገንዳ በ2030 ብንጮህለትም በጀት ለማግኘት ይቸገራል።

ማንን ምን እንደምንጠይቅም ለይተን እንወቅ። የብርና የሽልንግ ምንዛሪ፣ የውጭ ንግድ ፈቃድ፣ በታኅሣሥ 2020 የተመረቀው የጋራ የድንበር ጣቢያ አሠራር የናይሮቢና የአዲስ አበባ ጉዳዮች ናቸው። የከብት መሸጫ በረት፣ የካውንቲ ቄራና የእንስሳት በሽታ ቁጥጥር ግን በ2010ሩ የኬንያ ሕገ መንግሥት አራተኛ ሠንጠረዥ ለካውንቲ የተሰጡ ሥራዎች ናቸው። ማርሳቢትን በነዚህ በሦስቱ እንያዘው።

እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ የማስጽፈው አዲስ ሕንፃ አይደለም። አጥርና ጣሪያ ለምረቃ ያምራሉ፤ ገበያን የሚያኖረው ግን በየዓመቱ የሚወጣው የሥራ ማስኬጃ ነው። ውኃና መኖ ያለው ማቆያ፣ በገበያ ቀን ቦታው ላይ የሚገኝ የእንስሳት ሐኪም፣ ክራሽና ሚዛን፣ ለጭነት መኪና የሚሆን መወጣጫ፤ እነዚህ ከነዓመታዊ ወጪያቸው ይጻፉ።

ለስሌት ያህል አንድ ምሳሌ ልስጥ። 20 የቦረና ሰንጋ ይዞ ወደ ናይሮቢ የሚሄድ ነጋዴ የጤና ወረቀትና መኪና ሲጠብቅ ሁለት ቀን ቆመበት እንበል። ውኃም መኖም በሌለበት እያንዳንዱ ሰንጋ 5 ኪሎ ቢቀንስ 100 ኪሎ ጠፋ ማለት ነው። በዕለቱ ዋጋ አባዙት። ይህን ኪሳራ ነጋዴው ብቻውን አይሸከመውም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ዱብሉቅ ገበያ ላይ ለአርብቶ አደሩ ከሚከፍለው ዋጋ ይቀንሰዋል። ካውንቲው ለማቆያ ያላወጣውን ገንዘብ አርብቶ አደሩ ከፈለው ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የኮቴ ገንዘብ ነው። በሰሜን ኬንያ ገበያን ካውንቲውና የገበያ ማኅበሩ በጋራ የሚያስተዳድሩበት፣ ከሚሰበሰበውም ክፍያ ድርሻ ለገበያው ጥገና የሚመለስበት አሠራር ተሞክሯል። ሞያሌም ይህ ይገባታል። የድርሻው መቶኛ በዕቅዱ ተጽፎ በካውንቲው ምክር ቤት ደንብ ይጽና፤ በባለሥልጣን ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ድርሻ ከባለሥልጣኑ ጋር ይሄዳል።

«ድርቅ እያለ ለነጋዴ ምን በጀት?» የሚል ይኖራል። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ የከሸፉበት አካባቢ ስለሆነ ጥያቄው ቀልድ አይደለም። ይሁንና ድርቅ ሲመጣ አርብቶ አደሩ ከብቱ ሳይከሳ ወደ ገንዘብ የሚለውጠው በገበያ ነው። በማርሳቢት ከ2010 ጀምሮ የተሞከረው የእንስሳት መድን ጠቃሚ ነው፤ ሁሉም አርብቶ አደር ግን መድን የለውም። ቀድሞ የሚገዛ ነጋዴና የሚሠራ ገበያ ለሌለው ሰው የሚቀረው ቆዳ ነው።

በእኛ በኩል ያለውንም እንናገር። ግመሉ ከኬንያ ወደ ኢትዮጵያ፣ ሰንጋው ወደ ናይሮቢ በእግር ሲሻገር አብዛኛው በየትኛውም መዝገብ አይሰፍርም። ነጋዴው የሚሸሸው ግብር ስለሚፈራ ነው፤ ፍርሃቱም መሠረት አለው። ግን ዕቅድ አውጪ የሚሠራው በቁጥር ነው። በመዝገቡ ጥቂት ከብት ካየ ጥቂት ገንዳ ያቅዳል፤ የክትባቱን መጠንም በዚያው ልክ ያሰላል። ዓለም የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታን እስከ 2030 ለማጥፋት ግብ ጥሏል። አንዱ ወገን ከትቦ ሌላው ካልከተበ ፍየሉ ድንበር አያውቅምና ድካሙ ከንቱ ነው። የሁለቱ ሞያሌ የክትባት ወቅት እንዲገጥም መጀመሪያ ስንት ፍየል በየት በኩል እንደሚያልፍ መታወቅ አለበት።

ስለዚህ ማኅበራት ከአሁኑ የራሳቸውን ቆጠራ ይጀምሩ። የግለሰብ ስም አያስፈልግም። በየገበያው ቀን የገባው፣ የተሸጠው፣ የተጫነው፣ ሲጠብቅ ያደረው፣ የሞተው በእንስሳ ዓይነት ተለይቶ በደብተር ይመዝገብ። የአንድ ዓመት ደብተር በአንድ ገጽ ይጠቃለላል፤ ያ ገጽ በስብሰባ ላይ ከሚሰማው የአንድ ሰዓት ንግግር ይልቃል።

የኬንያ ሕግ ሕዝቡ በዕቅድ ዝግጅት እንዲሳተፍ ያዛል። የዋርድ ስብሰባ ሲጠራ፣ በሶሎሎም ይሁን በቡቲዬ፣ ገጹን በስዋሂሊ ወይም በእንግሊዝኛ አስተርጉማችሁ ይዛችሁ ግቡ፤ ግልባጩ ላይ የተቀበላችሁን ቢሮ ማኅተም አስመቱ። ከኢትዮጵያ በኩል ያላችሁ ነጋዴዎች ደግሞ በዚያ ስብሰባ ባትቀመጡም ቁጥራችሁን በማዶ ላለው ማኅበር ስጡ። ረቂቁ ሲወጣም የምትፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ማቆያው ስንት ገንዘብ፣ በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው መሥሪያ ቤት ሥር ተጻፈ? ገንዘብ ያልተጻፈበት መስመር ገና ጥያቄ ነውና ደግማችሁ ጠይቁ።