እንዚራውን ማን ነቀለው?

ዛሬ በኑዛዜ ልጀምር።

ባለፈው ዓመት ዐቢይ ጾም ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ወደ ቀየት ወጣሁ። ለማታውቁት፣ ቀየት ሰሜን ሸዋ ነው፤ ደጋ። ስለ ብርዱ ብዙ አላወራም። የመንዝ ባና ለምን ያን ያህል እንደሚወፍር የሚገባው እዚያ ያደረ ሰው ብቻ ነው። የእናቴ አጎት እዚያ ይኖራሉ፤ በገና ይደረድራሉ። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ላፕቶፕ፣ ጥንድ ስፒከርና ከሚያስፈልገኝ በላይ ብዙ ፕላጊን ይዤ “ሙዚቃ አቀናባሪ ነኝ” እያልኩ የምኖር ሰው ነኝ።

ትንሿን መቅረጫ ዱካ ላይ አስቀምጬ ወደ 40 ደቂቃ ያህል ቀዳኋቸው። ከተማ ተመልሼ ሳዳምጠው ከእያንዳንዱ ክር ጋር “ዝዝዝ” የሚል ንዝረት አለ። ምን አደረግሁ መሰላችሁ? የድምፅ ማጽጃ ሶፍትዌሬን ከፈትኩና ዝዝታውን ጠራረግሁት። በገናው ጸዳ፤ ጸድቶም ቀጠነ፤ ከረጅም ሕመም እንደተነሳ ሰው ከሳ። “ሙቀት ያንሰዋል” አልኩና የቴፕ ሳቹሬሽን ፕላጊን ጫንኩበት። ሞቀ። በራሴ ኮራሁ። ካርዱን ለሌላ ሥራ ስለፈለግሁት ዋናውን ቅጂ አጠፋሁት።

ከፋሲካ በኋላ የተሠራውን ላክሁላቸው። የልጅ ልጃቸው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያዘችላቸው። ጥቂት ሰሙና እንዲህ አሉኝ፦

“ልጄ፣ መዝሙሩስ የኔ ነው። እንዚራውን ግን ማን ነቀለው?”

እናንተዬ፣ የምገባበት ጠፋኝ።

ቆዳ የሠራው ፕላጊን

በገና 10 ክር አለው። ክሮቹ በባህሉ ከበግ አንጀት ይሠራሉ፤ ታች ብርኩማው ላይ ያርፋሉ። በክሩና በብርኩማው መካከል አንዲት ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። እንዚራ የምትባለው እሷ ናት። ክሩ ሲመታ የቆዳዋን ጠርዝ እየነካ እየለቀቀ ይርገበገባል። እኔ “ቆሻሻ” ብዬ የጠረግሁት ዝዝታ የሚመጣው ከዚያ ነው። ደርዳሪው እንዚራዋን በጥቂት በጥቂቱ ወደፊትና ወደኋላ እያንቀሳቀሰ ትክክለኛ ቦታዋን ይፈልግላታል። ከቦታዋ ትንሽ ፈቀቅ ካለች ዝዝታው ይጠፋል ወይም ክሩ ይታፈናል። ይህንንም ለሚመታው ክር ሁሉ አንድ በአንድ ያደርገዋል።

አሁን ከሶፍትዌር ጋር ስትታገሉ የምታድሩ ወንድሞቼና እህቶቼ ልብ በሉ። ሳቹሬሽን ማለት ምንድን ነው? ድምፁ ከተወሰነ መጠን በላይ እንዳያልፍ ጫፉን መጫን ነው። ጫፉ ሲጫን የሞገዱ ቅርጽ ይለወጣል፤ ቅርጹ ሲለወጥ ቀድሞ ያልነበሩ ሃርሞኒኮች ይወለዳሉ፤ የዋናው ድምፅ 2 እጥፍ፣ 3 እጥፍ፣ 4 እጥፍ እያሉ የሚወጡ ድምፆች። ቀስ ብሎ ሲጫን ሳቹሬሽን እንለዋለን፤ ጫፉን በመቀስ እንደተቆረጠ ሲያደርገው ዲስቶርሽን።

የዘመኑ አቀናባሪ ቤዝ ላይ ሳቹሬሽን የሚጭንበት አንድ ትልቅ ምክንያት አለው። አንድ ቤዝ በ60 ኸርዝ ቢርገበገብ የስልካችን ትንሽ ስፒከር 60 ኸርዝን አሟልቶ ማውጣት አይችልም። ነገር ግን 120፣ 180 እና 240 ኸርዝ ላይ ሃርሞኒኮች ካሉ ጆሯችን የጎደለውን ራሱ ይሞላና 60ውን የሰማ ይመስለዋል። በገናም ድምፁ እጅግ ወፍራም ነው። ያለ እንዚራ ያ ወፍራም ድምፅ ከበሩ ሳይወጣ ይሞታል። እንዚራዋ ሃርሞኒክ እየጨመረች ታወጣዋለች። እንግዲህ እኔ በሶፍትዌር የምፈልገውን ነገር የበገና ሠሪ በቆዳ ሠርቶ አስቀምጦልኛል፤ እኔ ግን እሱን ጠርጌ በምትኩ የአሜሪካን የቴፕ ማሽን አስመስሎ የተሠራ ኮምፒውተራዊ ቆሻሻ ቀባሁበት።

ነገሩ የኛ ብቻም አይደለም። የዚምባብዌ ሰዎች ምቢራቸው ላይ ዛጎል ወይም የጠርሙስ ክዳን ያስራሉ፤ እንዲንጫጫ ብለው። በምዕራብ አፍሪካ የባላፎን ቅሎች ላይ ከሸረሪት ድር የሚሠራ ስስ ሽፋን ይለጠፋል፤ እንዲነዝር ብለው። አሜሪካኖቹ ግን ብዙውን ጊዜ ዲስቶርሽንን ያገኙት ዕቃ ሲሰበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ሊንክ ሬይ ያንን የሻከረ ድምፅ ለማግኘት የአምፕሊፋየሩን ስፒከር እንደበሳው ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1961 በወጣው የማርቲ ሮቢንስ ዘፈን ላይ የግሬዲ ማርቲን ጊታር የተንጫጫው በብልሽት ነበር፤ በዓመቱ ያንን ብልሽት የሚያስመስል ፔዳል ገበያ ወጣ። ዛሬ በፕላጊን መልክ የምናወርደው የዚያ ብልሽት የልጅ ልጅ ነው። የኛው ግን ሆን ተብሎ የተሠራ ነው።

“ታዲያ ሙዚየም እንሁን?”

አውቃለሁ፤ አንዳንዶቻችሁ “ይሄ ደግሞ ባህል አይነካ ሊለን ነው” ብላችሁ አፋችሁን ማጣመም ጀምራችኋል። አይደለም። እንዲያውም ተቃራኒውን ነው የምለው፤ ሻካራ ድምፅ ርስታችን ነው።

ጌታቸው መኩሪያን ውሰዱ። ሳክስፎን ይዞ ሽለላና ፉከራ የነፋ ሰው ነው። የሱ ሳክስፎን አይለሰልስም፤ ይጮኻል፣ ይፎክራል፣ ይሰነጠቃል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ባሳተመው የኢትዮፒክስ ተከታታይ ውስጥ 14ኛው ቅጽ የሱ ነው። ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ዘ ኤክስ ከሚባል የሆላንድ ፓንክ ባንድ ጋር “ሞአ አንበሳ” የተባለውን አልበም ሠራ። በዲስቶርሽን የተሞላ ጊታርና የሐበሻ ፉከራ አንድ ላይ! ለምን አልተጣሉም? ሁለቱም ከመጀመሪያው ሻካራ ስለነበሩ ነው። ጊታሩ የሳክስፎኑን ጩኸት አልሸፈነም፤ አጀበው እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2016 ጌታቸው ሲያርፍ ይህንን ለእኛ ትቶልን ነው የሄደው።

ካሴቱንስ? እኛ “የድሮ ሙዚቃ ሙቀት” እያልን የምንናፍቀው ድምፅ ግማሹ የቴፕ ሳቹሬሽን፣ ግማሹ ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጥ የተጠራቀመ ሹክሹክታ ነው። አባቶቻችን ግን ያንን “ሙቀት” መርጠውት አይደለም፤ ያገኙት መሣሪያ እሱ ስለሆነ ነው። እኛ መምረጥ እንችላለን። ጥያቄው እንዴት ነው የምንመርጠው ነው።

እንግዲህ ስንመርጥ

ከኔ ጥፋት የተማርኩትን ልንገራችሁ። እንደ ሕግ ሳይሆን እንደ ወዳጅ ምክር ውሰዱት።

አንደኛ፣ ከፕላጊኑ በፊት መሣሪያውን ጠይቁ፦ “ሻካራነትህ የት ነው?” የማሲንቆ ጭራ ክሩን እየያዘ እየለቀቀ ስለሚፈትገው ድምፁ ከመጀመሪያው በሃርሞኒክ የተሞላ ነው። እሱ ላይ ዲስቶርሽን ብትጨምሩ ሙቀት አይጨምርም፤ ጆሮ ይወጋል እንጂ። ክራር ግን ሲመታ ቶሎ ይጠፋል። ለሱ ለስላሳ ሳቹሬሽን ጫፉን ተጭኖ ጭራውን ስለሚያስረዝምለት ብዙ ጊዜ ያምርበታል። ኮምፒውተር የወለደው ንጹሕ ሲንት ደግሞ ምንም ሻካራነት የለውምና እሱ ላይ እንደልባችሁ።

ሁለተኛ፣ ቅኝቱን አትርሱ። ሁለት ኖታ በአንድ ላይ ዲስቶርሽን ውስጥ ሲገቡ የሁለቱ ድምርና ልዩነት የሆኑ ሌሎች ድምፆች ይፈጠራሉ። የሮክ ጊታሪስቶች ዶ እና ሶልን ብቻ አጣምረው የሚመቱት ለዚህ ነው፤ እነዚያ ይስማማሉ። አንቺ ሆዬን ግን አስቡት። ከዶ ብትነሱ ዶና ሬ ቤሞል፣ ፋና ሶል ቤሞል ጎን ለጎን ናቸው። እነዚህን አንድ ላይ ብታቆሽሿቸው ሊጥ ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ እያንዳንዱን መስመር ለየብቻው አሻክሩ፣ ከዚያ ቀላቅሉ። ከተቀላቀለ በኋላ አትንኩት።

ሦስተኛ፣ የሃርሞኒኩን ዓይነት ምረጡ እንጂ የፕላጊኑን ስም አትምረጡ። 2ኛው ሃርሞኒክ የዋናው ኦክቴቭ ነው፤ ስለዚህ ውፍረት እንጂ ሌላ ቀለም ብዙም አይጨምርም። የድሮ አምፖል የሚያስመስሉ ፕላጊኖች ብዙ ጊዜ ይህን ያበዛሉ። ቴፕ የሚያስመስሉት ደግሞ ወደ 3ኛው ያደላሉ፤ 3ኛው ከዶ ተነስቶ ሶልን ይሰጣል። ቅኝታችሁ ያንን ሶል ይፈልጋል ወይ? ሶል ቤሞል ባለበት ቅኝት ላይ ሶል መጨመር ጠብ መፍጠር ነው።

አራተኛ፣ በድምፅ ጉልበት አትታለሉ። ሳቹሬሽን ድምፁን ከፍ ያደርገዋል፤ ከፍ ያለ ደግሞ ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። የመውጫውን መጠን ዝቅ አድርጋችሁ ከመጀመሪያው ጋር እኩል ካደረጋችሁ በኋላ እያበራችሁ እያጠፋችሁ አወዳድሩ። እኔ ይህን ሳደርግ ከፕላጊኖቼ ግማሹ ምንም ሥራ እንደሌላቸው ገባኝ።

አምስተኛ፣ “ኦቨርሳምፕሊንግ” የሚል ቁልፍ ካለ አብሩት። በ44.1 ኪሎኸርዝ የሚሠራ ፕሮጀክት ከ22.05 በላይ ያለ ድምፅ መያዝ አይችልም። የ10 ኪሎኸርዝ ድምፅ 3ኛ ሃርሞኒኩ 30 ነው፤ ቦታ ሲያጣ ተመልሶ 14.1 ላይ ይወድቃል። ያ ደግሞ ከየትኛውም ቅኝት ጋር የማይስማማ ነው። የእንዚራ ዝዝታ ከበገናው የተወለደ ነው፤ ይሄ ግን ባዕድ ነው።

ስም ካላነሳህ አንምርህም ካላችሁ፦ የሳውንድቶይስ ዲካፒቴተር አምስት ዓይነት ጠባይ ስላለው ጆሮ ለማስለመድ ጥሩ ነው። የፋብፊልተር ሳተርን ድምፁን በየፍሪኩዌንሲው ከፋፍሎ ለየብቻ ስለሚያሻክር የማሲንቆን ላይኛ ክፍል ሳትነኩ ታችኛውን ብቻ ማሞቅ ትችላላችሁ። ገንዘብ ከሌለ የክላንግሄልም ኢቭጂ በነጻ ይገኛል። እሱም ቢቀር ኩቤዝ ውስጥ ማግኔቶ፣ ኤፍኤል ስቱዲዮ ውስጥ ፍሩቲ ዌቭሼፐር ተቀምጠውላችኋል። 40 ክራክ የተደረገ ፕላጊን ሰብስቦ አንዱንም ሳያውቁ ከመቅረት አንዱን ለአንድ ዓመት ማጥናት ይሻላል። ባለ በገናው 10 ክርና ጥቂት የቆዳ ቁራጭ ይዘው ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል፤ “አዲስ እንዚራ ወጥቷል ወይ?” ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

ለሚመጣው ጾም

ወደ ኑዛዜዬ ልመለስ። ያን ዕለት በስልክ ይቅርታ ጠየቅሁ። ዋናውን ቅጂ እንዳጠፋሁትም ነገርኳቸው።

“እንደገና ይቅዱልኝ፣ አባባ” አልኳቸው።

“ፋሲካ አለፈ እኮ ልጄ። በገናውን ሰቅየዋለሁ። ለሚመጣው ጾም እግዜር በደህና ካደረሰን ና።”

በገና በሳቸው ቤት የጾም ነው፤ እኔ ስለቸኮልኩ አይወርድም። ዕድሜያቸው ደግሞ 80 አልፏል። ልጆቻቸው ከተማ ናቸው፤ ከልጅ ልጆቻቸውም የተማረ የለም። የሰፈራችን ስቱዲዮ ሁሉ ቢሰበሰብ፣ ያለው ፕላጊን ሁሉ ቢከፈት፣ እሳቸው በጣታቸው ፈልገው ያገኙትን የእንዚራ ቦታ መልሶ የሚያመጣልኝ የለም። የጠፋ ድምፅ ላይ ቆሻሻ መጨመር ይቻላል፤ የጠፋውን ማምጣት ግን አይቻልም።

እና ለሚመጣው ጾም ካደረሰን እሄዳለሁ። ሁለት መቅረጫና ሁለት ካርድ እይዛለሁ። ሙዚቃ ልሠራበት ብፈልግ በቅጂው ላይ እሠራለሁ፤ ዋናው አይነካም። እናንተም አያት፣ አጎት፣ የሰፈር ማሲንቆ መቺ ካላችሁ ፕላጊን ከማውረዳችሁ በፊት ሄዳችሁ ቅዱ። ከዚያ ደግሞ ጠይቁ፦ “ይህ ዝዝ የሚለው ምንድን ነው?”

እኔ አልጠየቅሁም ነበር።