ብዙ እጅ ስለሚጽፈው የአንድ ኳስ ተጫዋች ታሪክ

በቀድሞው ዘመን የታላላቅ ሰዎች ታሪክ የሚጻፈው ባለታሪኩ ካለፈ በኋላ፥ ወይም በሕይወቱ ሳለ በቅርብ ባለሟሎቹ እጅ ነበር። ጸሐፊው አንድ ነበረ፤ ስሙም ይታወቃል፤ ያደላም እንደ ሆነ አንባቢ ማድላቱን ከወገኑና ከኑሮው ይመረምረዋል። የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ አለቃ ዘነብ የንጉሡን ሥራ እያደነቁ ጻፉት፤ አለቃ ወልደ ማርያም ደግሞ ጭካኔውን ሳይሸሽጉ ጻፉት። ሁለቱም መጻሕፍት በየራሳቸው ቆመው እስከ ዛሬ ይነበባሉ፤ አንዱ በሌላው ላይ ቀለም አላፈሰሰበትም። ዛሬ ግን ዘነብና ወልደ ማርያም በአንድ ብራና ላይ፥ በአንድ ቀን፥ አንዱ የጻፈውን ሌላው እየፋቀ የሚጽፉበት ዘመን ደርሷል።

ይህን የምንለው ዊኪፔዲያ ስለሚባለው መዝገበ ዕውቀት ነው። ይህ መዝገብ በ2001 ዓመተ ምሕረት ጂሚ ዌልስና ላሪ ሳንገር በተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በኢንተርኔት ላይ ተመሠረተ (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን ሁሉ የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው)። ደመወዝ ተቈርጦለት የሚጽፍ ጸሐፊ የለውም፤ ከአንባቢዎቹ ወገን የወደደ ሁሉ አንድ ቃል ሊጨምርበት፥ ሊያርመው ወይም ሊሠርዝበት ይችላል። በእንግሊዝኛ ቋንቋ ብቻ የተጻፈው ከ7 ሚሊዮን ጽሑፍ ይበልጣል። ከእያንዳንዱም ጽሑፍ ጀርባ ሁለት ነገር ይገኛል፤ አንዱ ጸሐፊዎቹ የሚከራከሩበት የውይይት ገጽ ነው፤ ሁለተኛውም ማን በምን ሰዓት ምን እንደ ለወጠ የሚያሳይ ዝርዝር ነው። ከብራና ላይ የተፋቀ ፊደል ጠባሳው ብቻ ይቀራል፤ ከዚህ መዝገብ የተፋቀው ግን ከጥቂቱ በቀር ቃሉ ራሱ ከነቀኑ ተቀምጦ ለመርማሪ ይታያል።

የኳስ ተጫዋች ታሪክ ለሹማምንትና ለሊቃውንት ምን ይረባል የሚል አንባቢ አይጠፋም። እኛ ግን የዚህ መዝገብ ሥርዐት ከሚፈተንበት ስፍራ ሁሉ አንዱ ዋነኛ ይህ ነው እንላለን። ስለ አንድ ወንዝ ርዝመት ወይም ስለ አንድ ተክል ዘር የሚጣላ ሰው ጥቂት ነው፤ አንድን ስመ ጥር ተጫዋች ግን በአንድ ቀን እጅግ ብዙ ሰዎች ያመሰግኑታል፥ እጅግ ብዙ ሰዎችም ይረግሙታል፤ ከሁለቱም ወገን ሊጽፍ የማይችል የለም። ደግሞም እዚያ የተጻፈው በዚያ አይቀርም። ጋዜጠኛ ከዚያ ይቀዳል፤ ተማሪ ከዚያ ይቀዳል፤ ለሰው ጥያቄ መልስ የሚሰጡት አዲሶቹ የኮምፒዩተር መሣሪያዎችም ከተማሩባቸው ጽሑፎች አንዱ ይኸው መዝገብ ነው። በዚያ ያለ ስፍራው የገባ አንድ ቅጽል በብዙ አፍ ይደገማል።

ለምሳሌ የምንወስደው ሉዊስ ሱዋሬዝ የተባለውን የኡራጓይ ሰው ነው። በ1987 ሳልቶ በምትባል ከተማ ተወለደ፤ በአገሩ በናሲዮናል፥ በሆላንድ በግሮኒንገንና በአያክስ፥ በእንግሊዝ በሊቨርፑል፥ በስፔን በባርሴሎናና በአትሌቲኮ ማድሪድ ተጫወተ። ከ2013 እስከ 2014 በነበረው የውድድር ዘመን በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በ33 ጨዋታ 31 ግብ አገባ፤ በ2015 ከባርሴሎና ጋራ የአውሮፓን ሻምፒዮኖች ዋንጫ ወሰደ፤ ለአገሩ ብሔራዊ ቡድንም በ2024 እስኪሰናበት ድረስ 69 ግብ በማግባት ከኡራጓይ ተጫዋቾች ሁሉ በለጠ። ነገሩ በዚህ ብቻ ቢያበቃ ኖሮ ታሪኩን መጻፍ ለማንም ባልከበደ ነበር።

ጁላይ 2 ቀን 2010 በጆሃንስበርግ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ኡራጓይና ጋና አንድ ለአንድ ሆነው የተጨመረው ሰዓት ሊያልቅ ሲል፥ የጋናው ዶሚኒክ አዲያ በግንባሩ የመታው ኳስ ወደ ግብ ሲገባ ሱዋሬዝ በመስመሩ ላይ ቆሞ በእጁ መለሰው። ዳኛው በቀይ ካርድ አስወጡት፤ ለጋናም ፍጹም ቅጣት ምት ሰጡ፤ አሳሞአ ጂያን ግን ኳሱን ከአግዳሚው ጋራ አጋጨው፤ በመጨረሻም ኡራጓይ በመለያ ምት 4 ለ 2 አሸነፈ። ያን ቀን ጋና አሸንፎ ቢሆን ኖሮ ከአፍሪካ አገሮች ወደ ግማሽ ፍጻሜ የደረሰ የመጀመሪያው ይሆን ነበር፤ ያ ክብር ሞሮኮ በ2022 እስክታገኘው ድረስ ቈየ። ስለዚህ አንድ አፍሪካዊ በዚህ መዝገብ ላይ «ሱዋሬዝ ጋናን በማጭበርበር አስወጣ» ብሎ ቢጽፍ ከምን ሐዘን ተነሥቶ እንደ ሆነ እናውቃለን።

ነገር ግን «አጭበረበረ» የሚለው ቃል የተመልካች ፍርድ ነው እንጂ የሆነው ነገር አይደለም። የሆነው ነገር ይህ ነው፤ ኳሱን በእጁ መለሰ፤ ሕጉ ያዘዘው ቅጣት በዚያው ሰዓት ተፈጸመበት፤ ለሚቀጥለውም ጨዋታ ታገደ፤ በ2022 ሁለቱ አገሮች በዓለም ዋንጫ እንደ ገና ሲገናኙ ይቅርታ ትጠይቃለህን ተብሎ በጋዜጠኛ ቢጠየቅ፥ ፍጹም ቅጣት ምቱን የሳትሁት እኔ አይደለሁም በማለት እንቢ አለ። ይህን በቅደም ተከተል የጻፈ ሰው ስድብ ሳይጨምር ፍርዱን ለአንባቢ ይተዋል። የመጨረሻው መልስ ራሱ ከስድብ ይልቅ ብዙ የሚናገር ይመስለናል።

የንክሻውም ነገር አጻጻፉ ቀላል ነው። በኖቬምበር 2010 በሆላንድ ኦትማን ባካልን፥ በኤፕሪል 2013 በእንግሊዝ ብራኒስላቭ ኢቫኖቪችን፥ በጁን 2014 በብራዚል በዓለም ዋንጫ ጆርጆ ኪዬሊኒን በጥርሱ ነከሰ። ለመጀመሪያው 7 ጨዋታ፥ ለሁለተኛው 10 ጨዋታ፥ ለሦስተኛው 9 የብሔራዊ ቡድን ጨዋታና ከማናቸውም የእግር ኳስ ሥራ የ4 ወር እገዳ ከ100 ሺህ የስዊስ ፍራንክ መቀጫ ጋራ ተፈረደበት። ሕዝብ ያየው፥ በፍርድም የጸና ነው።

እውነተኛው ችግር ያለው በሌላው ነገር ነው። ኦክቶበር 15 ቀን 2011 ሊቨርፑልና ማንችስተር ዩናይትድ ሲጫወቱ፥ ፓትሪስ ኤቭራ የተባለው የፈረንሳይ ተጫዋች ሱዋሬዝ የቆዳዬን ቀለም ጠርቶ ሰደበኝ ብሎ ከሰሰ። ንግግራቸው በስፓንኛ ነበር፤ ቃሉም «ኔግሮ» የሚለው ነው። ካሜራ ፊታቸውን አሳየ እንጂ ንግግራቸውን አልያዘም። ሱዋሬዝ ቃሉን አንድ ጊዜ ማለቱን አመነ፤ ነገር ግን በአገሬ ይህ ለወዳጅም የሚነገር ተራ ቃል ነው፥ ለስድብ አላልሁትም አለ። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ያቆመው ገለልተኛ ጉባኤ ነገሩን መርምሮ በዲሴምበር 2011፥ 8 ጨዋታ እንዲታገድና 40 ሺህ ፓውንድ እንዲከፍል ፈረደ፤ የፍርዱንም ምክንያት 115 ገጽ በሆነ ጽሑፍ ለሕዝብ አወጣ።

ይህ ጽሑፍ በችሎት ለሚቀመጥ ሰው ማንበቡ የሚጠቅም ነው። ጉባኤው ቃሉ በኡራጓይ እንዴት እንደሚነገር ሁለት የአገሩን ልማድ የሚያውቁ ሊቃውንት ጠየቀ። እነርሱም ቃሉ እንደ አነጋገሩ የወዳጅነትም የስድብም ሊሆን ይችላል፤ ነገሩ ኤቭራ እንደ ተናገረው ከሆነ በኡራጓይም ስድብ ነው፤ ሱዋሬዝ እንደ ተናገረው ከሆነ ግን ስድብ ላይሆን ይችላል ብለው መሰከሩ። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ማን ይታመን በሚለው ላይ ወደቀ። ጉባኤው የሁለቱን ቃል ከተቀረጸው ሥዕል ጋራ አስተያይቶ የኤቭራን አመነ፤ ሱዋሬዝም ቃሉን 7 ጊዜ ተናግሯል አለ። ሚዛኑም በወንጀል ችሎት እንደሚደረገው ጥርጥር የሌለበት ማስረጃ የሚፈልግ ሳይሆን፥ ከሁለቱ ወደ እውነት ይበልጥ የሚቀርበው የትኛው ነው የሚለው ነበር። ደግሞም ኤቭራ ራሱ ሱዋሬዝን ዘረኛ ነው አልልም ማለቱ በዚያው ጽሑፍ ተመዝግቧል።

እንግዲህ ሁለት ጸሐፊዎች በዚህ ገጽ ላይ ተቀምጠዋል እንበል። አንደኛው «ሱዋሬዝ ዘረኛ ነው» ብሎ ይጽፋል። ይህ ጉባኤው ያልፈረደውን መጨመር ነው፤ የተፈረደው በአንድ ቀን በተነገረ ቃል ላይ ነው እንጂ በሰውየው ልብ ላይ አይደለምና። ሁለተኛው ይመጣና ያን ሠርዞ፥ «ኤቭራ ተሰደብሁ ብሎ ከሰሰ፤ ሱዋሬዝ ግን አልሰደብሁም አለ» ብሎ በዚያው ያቆማል። ይህኛው ለማንም የማያደላ ይመስላል፤ ብዙ አንባቢም ይወደዋል። እኛ ግን ከፊተኛው የሚሻል ሆኖ አላገኘነውም፤ ተመርምሮ የተፈረደውን ነገር ዛሬም በእንጥልጥል እንዳለ አድርጎ አቅርቦታልና። ኤቭራም በሕይወት ያለ ሰው ነው፤ የሚጠበቅለት ስም አለው፤ ፍርዱ ከተዘለለ ሐሰተኛ ከሳሽ መስሎ ይቀራል። በዚያ ዘመን የሆነውም ይህን የሚመስል ነበር። ፍርዱ በተሰማ ማግሥት የሊቨርፑል ተጫዋቾች የሱዋሬዝ ሥዕል ያለበት ካናቴራ ለብሰው ወደ ሜዳ ወጡ፤ ከእነርሱ አንዱ የነበረው ጄሚ ካራገር በ2019 በቴሌቪዥን ላይ ኤቭራን ፊት ለፊት ይቅርታ ጠየቀው። በ2011 ተጽፎ የታተመ መጽሐፍ ይህን ይቅርታ ሊይዝ አይችልም፤ ዕለት ዕለት የሚታረመው መዝገብ ግን ሊይዘው ይችላል፤ ይህ የብዙ እጅ ሥራ በጎነቱ ነው።

ስለዚህ የሚጻፈው፥ ማን ፈረደ፥ መቼ ፈረደ፥ በምን ሚዛን ፈረደ፥ ተከሳሹስ ምን መለሰ የሚለው ነው። ዐረፍተ ነገሩ ይረዝማል፤ ውበትም የለውም። ነገር ግን «ተከሰሰ»፥ «ተፈረደበት» እና «አደረገ» የሚሉት ሦስቱ ቃላት አንድ አለመሆናቸውን መዝገብ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። የመጽሐፍ መምህራን አንዱን ቃል በብዙ መንገድ ሲተረጕሙ «አንድም» እያሉ ሁሉንም በየተራው እንደሚያቀርቡ እናውቃለን፤ የዊኪፔዲያም ሥርዐት ልዩ ልዩ አሳብ ሁሉ ይጻፍ ስለሚል ከዚህ ጋራ የሚመሳሰል ይሆናል። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፤ አንድም የሚባለው መምህራን ለተቀበሉት ትርጓሜ ነው፤ የአንድ ደጋፊ ጩኸት ከ115 ገጽ ምርመራ ጋራ «አንድም» ተብሎ ጐን ለጐን አይቆምም። መዝገቡም ራሱ ለእያንዳንዱ አሳብ እንደ ምንጩ ክብደት ስፍራ ይሰጠው ብሎ ደንግጓል።

ይህ ድንጋጌ በቀላሉ አልመጣም። በ2005 በአሜሪካ ጆን ሲገንታለር በተባለ አዛውንት ጋዜጠኛ ገጽ ላይ አንድ ሰው ለቀልድ ብሎ፥ በሁለቱ ኬኔዲዎች ግድያ ተጠርጥሮ ነበር የሚል ፍጹም ሐሰት ጻፈ፤ ሐሰቱም አራት ወር ያህል ሳይታረም ቈየ። ነገሩ በአደባባይ ከተገለጠ በኋላ በሕይወት ስላሉ ሰዎች ልዩ ሥርዐት ወጣ፤ ይኸውም የታመነ ምንጭ የሌለው የሚያከራክር ነገር ክርክር ሳይጠበቅ ወዲያው እንዲወጣ ነው። በአንድ ገጽ ላይ በ24 ሰዓት ውስጥ የሌላውን እርማት ከሦስት ጊዜ በላይ የመለሰ ሰው ይታገዳል፤ ጠቡ ከበረታም መጋቢዎች የሚባሉት ገጹን ለጊዜው ይቈልፉታል። ቍልፉ ግን ጠብን ያበርዳል እንጂ ለየትኛው ነገር ስንት መስመር እንደሚገባው አይናገርም።

ይህም የመጠን ነገር ቀላል አይደለም። ከሃያ ዓመት የሚበልጥ የጨዋታ ዘመን ባለው ሰው ገጽ ላይ ሦስቱ ንክሻዎች ግማሹን ቢይዙ፥ እያንዳንዱ ቃል እውነት ሆኖ ሳለ መላው ታሪክ ሐሰት ይሆናል። በሌላ ወገን ደግሞ ግቦቹ አንድ በአንድ ተቈጥረው ቅጣቶቹ በአንድ መስመር ቢጠቀለሉ ያው ነው። አንዳንዶች ጥፋቱን ሁሉ ሰብስበው «ነቀፌታዎች» በሚል ርእስ ከታሪኩ መጨረሻ ያከማቹታል፤ ለፈላጊ ይቀላል ይላሉ። እኛ ግን እያንዳንዱ በዘመኑ ስፍራ ቢገባ ይሻላል እንላለን። የ2013ቱን ንክሻ ያነበበ ሰው በሚቀጥለው ዘመን 31 ግብ ማግባቱን፥ ቀጥሎም በብራዚል እንደ ገና መንከሱን በተከታታይ ቢያይ፥ ሰውየውን ይበልጥ ያውቀዋል።

በመጨረሻ ወደ ራሳችን ቋንቋ እንመለስ። በአማርኛ የተጻፈው ዊኪፔዲያ 15 ሺህ ያህል ጽሑፍ ብቻ ያለው ነው፤ ጸሐፊዎቹም ጥቂቶች ናቸው። በእንግሊዝኛው በጥቂት ደቂቃ የሚታረም ስሕተት፥ የሚያየው ዓይን ስለሌለ በእኛ ዘንድ ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላል። ከዚህም በላይ የትርጕም ነገር አለ። ይህን ታሪክ ወደ አማርኛ የሚመልስ ጸሐፊ «ኔግሮ» ከሚለው ቃል ሲደርስ ይቸገራል። «ጥቁር» ብሎ ቢመልሰው፥ በእኛ አፍ ጥቁር ማለት የመልክ ስም ስለ ሆነ አንባቢ ኤቭራ በምን እንደ ተቈጣ አይገባውም፤ ክሱም ከንቱ መስሎ ይታየዋል። ከአገራችን የስድብ ቃላት አንዱን መርጦ ቢያስገባ ደግሞ ሱዋሬዝ ያልተናገረውን ያናግረዋል፤ ጉባኤውም ያልፈረደውን ያስፈርደዋል። ያለን መንገድ ስፓንኛውን እንዳለ በፊደላችን ጽፎ፥ ሁለቱ ሰዎች የሰጡትን ፍች፥ ከዚያም የሊቃውንቱን ምስክርነትና ጉባኤው የተቀበለውን ከሥሩ ማስከተል ነው። ይህም አምስት ወይም ስድስት መስመር ይፈጃል።